የራያ ስደተኛና የካርታ ጠረጴዛ፦ ቁማር ለምን የስደት እንጀራ አልሆነም?

ከወልድያ ወደ አላማጣ የሚወስደው አውራ ጎዳና ቆቦ ከተማን አቋርጦ ያልፋል። በከተማዋና በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች አዲስ የቆርቆሮ ቤት፣ ባጃጅ ወይም የውኃ መሳቢያ ሞተር ሲታይ ከጀርባው ብዙ ጊዜ የዓረብ አገር ላብ አለ። የራያ ቆቦ ወጣቶች ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ መሄድ ከጀመሩ ብዙ ዓመታት ተቆጥረዋል። እረኝነት፣ የቤት ሠራተኝነት፣ የቀን ሥራና ሹፍርና የሚታወቁ መተዳደሪያዎቻቸው ናቸው። በካርታ ቁማር ኖሮ፣ ከዚያም በተገኘ ገንዘብ ለወላጆቹ ቤት ሠራ የሚባል ስደተኛ ግን በአካባቢው ሲነገር አይሰማም።

መልሱ በአንደኛ እይታ ቀላል ይመስላል። ቁማር በእስልምናም በክርስትናም የተወገዘ በመሆኑ «ነውር ስለሆነ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ይሁን እንጂ ነውር ብቻውን ሁሉን አያስረዳም። በሬውን ሸጦ፣ በረሃ አቋርጦ፣ በጀልባ ባሕር የሚሻገር ሰው ዕድልን የሚፈራ ሰው አይደለም። በሌላ በኩል ከእስያ አገሮች የተሰደዱ ጥቂት ሰዎች በፖከር ጨዋታ የዓለም ሻምፒዮን እስከመሆን ደርሰዋል። አንዱ ስደተኛ ወደ ካርታ ጠረጴዛው ሲቀርብ ሌላው የሚርቅበትን ምክንያት መረዳት ዛሬ ይጠቅማል፤ ስደተኛው በባዕድ አገር የራቀው ውርርድ አሁን በእጅ ስልክ አማካይነት ገንዘቡን ወደላከበት ቤት እየገባ ነውና።

ሁሉን በአንድ ዘር ላይ የማይጥል ገበሬ

የራያ ቆላ ገበሬ ስለ ዕድል ከሌላ የሚማር አይደለም። ዝናቡ አጭርና የማያስተማምን ነው። በአንዱ ዓመት ከደጋው የሚወርደው ጎርፍ ማሳ ይጠርጋል፤ በሌላው ዓመት ማሽላው ፍሬ ሊይዝ ሲል ሰማዩ ይዘጋል። አቀንጭራ የተባለው ጥገኛ አረምም አለ፤ ከማሽላው ሥር ተጣብቆ ጉልበቱን ይመጠምጠዋል።

ገበሬው ለዚህ ሁሉ ያዘጋጀው መልስ በደረጃ መዝራት ነው። የበልጉ ዝናብ በሚያዝያና በግንቦት በቂ ርጥበት ከሰጠ እንደ ደገለትና ጅጉርቴ ያሉ ዘግይተው የሚደርሱ የአገር ማሽላ ዝርያዎችን ይዘራል፤ ፍሬው ለጎተራ፣ አገዳው ለከብት ይሆናል። በልጉ ከቀረ ወይም ቡቃያው ከደረቀ ማሳውን ገልብጦ ክረምቱ ሲገባ ፈጥነው የሚደርሱ ዝርያዎችን ይተካል፤ የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ያወጣው ግራና አንድ ከእነዚህ መካከል ይጠቀሳል። ይህም ካልሆነ ጤፍ አለ። የጤፍ ጊዜ ካለፈ ደግሞ በመሬቱ ውስጥ በቀረው ርጥበት ሽምብራ ይሞከራል። ጎርፉም ቢሆን ጠላት ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ በጠለፋ ቦይ ወደ ማሳ ተመልሶ ደረቁን መሬት ያጠጣል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ገበሬው ከዕድል ጋር የሚኖርበት መንገድ ነው። ዕድልን አይሸሽም፤ ነገር ግን የዓመቱን ቀለብ በአንድ ዘር ላይ አያሲዝም። የስደተኛው ባሕርይ የተቀረጸውም በዚህ ማሳ ላይ ነው።

በሬ የተሸጠበት ጉዞ

ከቆቦ ተነስቶ በሕጋዊ መንገድ ያልሄደ ስደተኛ አብዛኛውን ጊዜ የሚያልፈው የምሥራቁ መንገድ በሚባለው ነው። በአፋር በረሃ ወደ ጅቡቲ የኦቦክ ጠረፍ፣ ከዚያ በጀልባ ወደ የመን፣ ከየመን ደግሞ በእግርና በመኪና ወደ ሳዑዲ ድንበር ይዘልቃል። በመንገዱ የሚሞት አለ፤ በአጋቾች እጅ ወድቆ ማስለቀቂያ የሚጠየቅም አለ።

ለደላላው የሚከፈለው ገንዘብ የወጣቱ የግል ሀብት አይደለም። አባት በሬ ወይም ግመል ይሸጣል፤ እናት ከዕቁብ ወይም ከዘመድ ትበደራለች፤ መሬትም በመጋዞ የሚሰጥበት ጊዜ አለ። ወጣቱ ገና አገሩን ሳይለቅ የቤተሰቡ ጥሪት በእሱ ላይ ተመድቧል። በቁማር ቋንቋ ብንናገር መደቡ ከወዲሁ ጠረጴዛው ላይ ነው። ያውም የአንድ ሰው ሳይሆን የቤት ሁሉ መደብ ነው።

ስለዚህ ተጓዡ ሥራ ሲያገኝ የመጀመሪያ ግዴታው ዕዳውን መመለስ ነው። ቀጥሎ የታናናሾች ትምህርት፣ የወላጅ ሕክምና፣ የቤት ጣሪያ፣ የሠርግና የሐዘን ወጪ ይጠብቁታል። ደመወዙ እጁ ላይ የሚቆየው ለጥቂት ቀናት ነው፤ ከዚያ በባንክ ወይም በሐዋላ ወደ አገር ቤት ይሄዳል። ለሌላ ውርርድ የሚተርፍ፣ ቢጠፋ የማይጎዳ ገንዘብ በእጁ የለም። ስደቱ ራሱ ትልቁ ውርርድ በመሆኑ ከዚያ በኋላ የሚፈለገው በየወሩ ሳይቋረጥ የሚመጣ ገቢ ነው።

ፖከር እንደ መተዳደሪያ ምን ይጠይቃል?

ፖከር በ52 ካርታ የሚካሄድ የውርርድ ጨዋታ ነው። በጣም በተለመደው ዓይነት ለእያንዳንዱ ተጫዋች ሁለት ካርታ በምሥጢር ይሰጠዋል፤ አምስት ካርታዎች ደግሞ ለሁሉም በጋራ ጠረጴዛው ላይ በየተራ ይገለጣሉ። በየመሃሉ ተጫዋቾች ገንዘብ ይመድባሉ፤ ያልፈለገ ካርታውን ጥሎ ይወጣል። የተሻለ ካርታ የያዘ፣ ወይም ሌሎቹን አስፈራርቶ ያስጣለ፣ የተመደበውን ይወስዳል። ፖከር ከሎተሪ የሚለየውም በዚህ ነው፤ ስሌትና ሰውን ማንበብ ዋጋ አላቸው። በአንድ ምሽት ዕድል ይገዛል፤ በብዙ ሺህ ዙሮች ውስጥ ግን የሚያውቅ ሰው ከማያውቀው ይበልጣል።

ሆኖም ጠረጴዛው ገንዘብ አያመርትም። የጨዋታው ቤት ከየዙሩ የራሱን ድርሻ ይቆርጣል። ለምሳሌ ዘጠኝ ሰዎች እያንዳንዳቸው 1,000 ብር ይዘው ቢቀመጡ በጠረጴዛው ላይ 9,000 ብር አለ። ቤቱ ከአንድ ዙር 10 ብር ቢወስድ ከ200 ዙር በኋላ 2,000 ብር ወጥቷል። ዘጠኙ ሰዎች በጋራ የሚካፈሉት የቀረውን 7,000 ብር ነው። ስለዚህ አንዱ እንዲያተርፍ ሌሎቹ እሱ ካተረፈውም በላይ መክሰር አለባቸው። በፖከር የሚተዳደር ሰው ይህንን ትርፍ ያለማቋረጥ ከደካማ ተጫዋቾች ማግኘት ይኖርበታል።

በዚያ ላይ ጎበዝ ተጫዋችም ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ሊከስር ይችላል። በመሆኑም ባለሙያ ተጫዋች ሁለት ዓይነት ገንዘብ ለይቶ ይይዛል፦ አንዱ ለጨዋታ የሚመደብ፣ ሌላው ገቢ በሌለበት ወቅት የሚኖርበት። የስደተኛው ኑሮ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ተጠባባቂ ገንዘብ የለውም፤ ወጪውም ወር አይዘልም። ከቆቦ ስልክ የሚደውል ወንድም «በዚህ ወር ካርታው አልቀናኝም» የሚል ምላሽ ሊቀበል አይችልም።

ትርፍና ኪሳራውም ሚዛናቸው እኩል አይደለም። ዕዳ ለሌለበት ሰው የጠፋ 10,000 ብር ከተገኘ 10,000 ብር ጋር ሊቀራረብ ይችላል። በመጋዞ የተያዘ መሬት ላለበት ቤተሰብ ግን የተገኘው አንድ ክፍል ቤት ሲጨምር፣ የጠፋው መሬቱን ሊያስቀር ይችላል። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚለው አባባል ይህንን ሚዛን በሚገባ ይገልጸዋል።

ሕግና የመኖሪያ ወረቀት

ሁለተኛው ምክንያት ሕግ ነው። «ቁማር» የሚለው የአማርኛ ቃል ራሱ ከዓረብኛ የተወሰደ ነው፤ የራያ ተወላጆች በብዛት በሚሄዱባት ሳዑዲ ዓረቢያ ግን ድርጊቱ በሃይማኖታዊው ሕግ የተከለከለና የሚያስቀጣ ነው። የውጭ አገር ሠራተኛ መኖሪያ ፈቃድ፣ ማለትም ኢቃማ፣ በአሠሪው ስም ላይ የተመሠረተ ነው። ያለ አሠሪ በአገሪቱ መኖር ራሱ ጥፋት ተደርጎ ይቆጠራል። ወረቀት የሌለው ደግሞ በጨዋታ ቢጭበረበር ወይም ቢዘረፍ የሚከስበት ቦታ የለውም።

ይህ ስጋት በቃል ብቻ የቀረ አይደለም። ሳዑዲ ዓረቢያ በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ ባካሄደችው ዘመቻ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ሁለቱ መንግሥታት ከ100,000 በላይ ዜጎችን ለመመለስ ተስማምተዋል። ከተመላሾቹ መካከል ዕዳቸውን ሳይከፍሉ፣ ልብሳቸውን እንኳ ሳይሰበስቡ የመጡ ነበሩ። በማናቸውም ቀን ሊባረር እንደሚችል የሚያውቅ ሰው በትንሽ ጥፋት ራሱን ማጋለጥ አይፈልግም።

በአሜሪካ ሁኔታው ይለያል። ብዙ ኢትዮጵያውያን ወደዚያ የገቡት በዲቪ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ በተፈጠረው የቪዛ ዕጣ ነው። ዕጣው የወጣለትና መስፈርቱን ያሟላ ሰው ቋሚ መኖሪያ ስለሚሰጠው በአንድ አሠሪ አይታሰርም። ፖከርም በብዙ ግዛቶች ተፈቅዶ ይካሄዳል። ሆኖም የአገሪቱ ሕግ ዜግነት የሚጠይቅ ሰው መልካም ሥነ ምግባር እንዲኖረው ያዛል፤ ዋና ገቢው ከሕገ ወጥ ቁማር የሆነ ወይም በቁማር ወንጀል ሁለት ጊዜና ከዚያ በላይ የተፈረደበት ሰው ይህን መስፈርት አያሟላም። ክልከላው ሕጋዊውን ጨዋታ አይነካም። ቢሆንም ወረቀቱን በጉጉት የሚጠብቅ ሰው ወደ ድንበሩ እንኳ መቅረብ አይመርጥም።

ቀድሞ የሄደ ዘመድ

ሦስተኛው ምክንያት ከሕጉም ሳይበረታ አይቀርም። ስደተኛ ሥራውን የሚያገኘው በአብዛኛው ከእሱ ቀድሞ በሄደ ሰው በኩል ነው። ከራያ የሄደውን ወጣት በሳዑዲ የሚቀበለው የመንደሩ ልጅ እረኛ ከሆነ እሱም ወደ እረኝነት ይገባል። በዋሽንግተን ዲሲና አካባቢዋ ኢትዮጵያውያን በታክሲ፣ በመኪና ማቆሚያ፣ በምግብ ቤትና በሕሙማን እንክብካቤ ሥራ በብዛት የተሰማሩት አንዱ ሌላውን እየሳበ ነው። ማደሪያውን የሚያካፍለው፣ የመንጃ ፈቃድ ፈተናውን የሚያስጠናው፣ ለአሠሪው ዋስ የሚሆነው ዘመድ በቁማር የሚኖር ካልሆነ አዲስ መጪው ቁማርን እንደ ሥራ የሚያይበት ዓይን አያገኝም።

ለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ላስ ቬጋስ ናት። ይህች የአሜሪካ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ የሚካሄደው የፖከር ዓለም አቀፍ ውድድር መናኸሪያ ስትሆን ብዙ ቁጥር ያላቸው ኢትዮጵያውያንም ይኖሩባታል። ካርታው ከደጃቸው ነው። ነገር ግን በብዛት የሚታወቁት በታክሲ ሹፍርና፣ በሆቴልና በቁማር ቤቶች ውስጥ በሚሰጡ አገልግሎቶች ነው። የከተማዋ የሆቴልና የምግብ ቤት ሠራተኞች ማኅበር ወደ 60,000 የሚጠጉ አባላት ሲኖሩት በኅብረት ስምምነት የጤና መድንና ጡረታ ያስከብራል። በአንድ ቁማር ቤት ጣሪያ ሥር ተጫዋቹ ዛሬ በልቶ ነገ ይበላል፤ ክፍል የምታጸዳዋ ወይም ምግብ የሚያቀርበው ሠራተኛ ግን ደመወዙን ይቀበላል። ኢትዮጵያውያኑ በዚያ ጣሪያ ሥር የያዙት ቦታ ቤተሰባቸው የሚጠይቀውን ቋሚ ገቢ የሚያስገኘውን ነው።

ህንዶችና ሌሎች እስያውያን

ተመሳሳይ ጥያቄ በአሜሪካ በሚኖሩ ህንዶች ላይም ይነሳል። ህንዳውያን ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደሉም። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በርካታ ህንዳውያን መምህራን በየክፍለ ሀገሩ ትምህርት ቤቶች አስተምረዋል። በሒሳብ ትምህርት ስማቸው የተጠራ ነበር። ሒሳብ የሚያውቅ ሕዝብ ስሌት በሚጠይቀው ፖከር በባለሙያነት በብዛት አለመታየቱ ለአንዳንዶች ግር ሊል ይችላል።

ነገሩን የሚፈታው የመጡበት በር ነው። የአሜሪካ የ1965 (እ.ኤ.አ.) የኢሚግሬሽን ሕግ በሩን ሲከፍት ቅድሚያ ካገኙት መካከል ሐኪሞችና መሐንዲሶች ነበሩ። በኋላም ብዙዎች የገቡት ኤች ዋን ቢ በሚባለው የሠራተኛ ቪዛ ነው። ይህ ቪዛ ከአሠሪ ጋር የተያያዘ ሲሆን ሥራውን ያጣ ሰው በመደበኛው አሠራር ቢበዛ 60 ቀን ይሰጠዋል። በዚህ ቪዛ ላይ ያለ መሐንዲስ ሥራውን ትቶ በካርታ ልኑር ቢል የመኖሪያ መብቱን ያጣል። ከጉጃራት የመጡት ደግሞ በዘመድ ብድርና በቤተሰብ ጉልበት የመንገድ ዳር ማረፊያዎችን ገዝተው ዛሬ ከአሜሪካ የዚህ ዘርፍ ንብረት ትልቁን ድርሻ ይዘዋል። የሥራው መንገድ በቪዛና በዘመድ ተቀይሷል። በህንድ አገር ደግሞ በእንግሊዝ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1867 የወጣ የቁማር ሕግ ለረጅም ጊዜ የጨዋታ ቤቶችን ሲያግድ ቆይቷል።

በተቃራኒው በፖከር የገነኑ ስደተኞች አሉ። በቻይና የተወለደው ጆኒ ቻን እ.ኤ.አ. በ1987 እና በ1988 በተከታታይ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። ከቬትናም የተሰደደው ስኮቲ ንጉየን በ1998፣ ከላኦስ የመጣው ጄሪ ያንግ በ2007 አሸንፈዋል። ሦስቱም አሜሪካ የገቡት በልጅነታቸው ወይም በወጣትነታቸው ነው። ቻን ከቤተሰቡ ጋር የመጣ ሲሆን ወላጆቹ ምግብ ቤት ነበራቸው። ንጉየን ራሱ ከመጫወቱ በፊት በላስ ቬጋስ ካርታ በማደል ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። ያንግ ሻምፒዮን ሲሆን ቋሚ ሥራ ነበረው። የንጉየን ታሪክ ጠረጴዛውን በቅርብ ማየት፣ የሌሎቹ ሁለቱ ደግሞ ከኋላ መደገፊያ ማግኘት ምን ያህል እንደሚረዳ ያመለክታሉ። አንድን ሕዝብ ወደ ቁማር የሚያቀርበውም ሆነ የሚያርቀው በደም የሚወረስ ጠባይ አይደለም። የሚወስነው ማን ገንዘቡን እንደሚጠብቅ፣ ሕጉ ምን እንደሚል፣ እና ማን ቀድሞ እንደሄደ ነው።

ተሸናፊ የሌለበት ዕጣ

ኢትዮጵያውያን ዕጣን በገንዘብ ጉዳይ ይጠቀሙበታል። ዕቁብ የዚህ ምስክር ነው። 20 ሰዎች በየወሩ 1,000 ብር ቢያዋጡ በየወሩ አንዱ 20,000 ብር ይወስዳል። ዕጣው የሚወስነው ማን አስቀድሞ እንደሚወስድ ብቻ ነው። 20 ወር ሲሞላ እያንዳንዱ ያዋጣውን ያህል ወስዷል። አንድም ሰው አልተበላም። ቀድሞ የደረሰው ያለ ወለድ እንደተበደረ፣ መጨረሻ የደረሰው ደግሞ እንደቆጠበ ይቆጠራል። በወሎ ሐዘንን በጋራ ለመሸከም የተመሠረተው ቅሬም መሠረቱ ያው መተማመን ነው።

ስደተኛው ይህንን ሥርዓት ይዞ ይሄዳል። በሪያድም ሆነ በዋሽንግተን ዕቁብ አለ። ታክሲ የተገዛበት፣ ምግብ ቤት የተከፈተበት፣ የሟች አስከሬን ወደ አገር የተላከበት መዋጮ በዚህ መተማመን የሚሰበሰብ ነው። በቁማር የታወቀ ሰው ዕቁብ ለመግባት ዋስ አያገኝም። በባዕድ አገር ዋስ ማጣት ደግሞ የመጨረሻውን መደገፊያ ማጣት ነው።

ወደ ቤት የመጣው ፈተና

ብሔራዊ ሎተሪ በኢትዮጵያ ከተቋቋመ ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ ቲኬት መግዛት የተለመደ ነው። በቅርብ ዓመታት ግን ፈቃድ ባላቸው ድርጅቶች በኩል የእግር ኳስ ውርርድ፣ በተለምዶ ቤቲንግ የሚባለው፣ ወደ ከተሞችና ወደ እጅ ስልኮች ገብቷል። ከሎተሪ ቲኬት የሚለየው በፍጥነቱ ነው፤ በአንድ ምሽት ደጋግሞ መወራረድ ይቻላል።

ስሌቱ ከካርታው ጠረጴዛ አይለይም። የማሸነፍ ዕድላቸው እኩል በሆኑ ሁለት ቡድኖች ላይ የሚወራረድ ሰው ሚዛናዊ ክፍያ እንዲያገኝ 100 ብር አስይዞ ሲያሸንፍ 200 ብር ሊከፈለው ይገባል። አወራራጁ ግን 190 ብር ይከፍላል እንበል። ይህ ሰው 100 ጊዜ ቢወራረድ 10,000 ብር አስይዟል። ግማሹን ቢያሸንፍ የሚመለስለት 9,500 ብር ነው። 500 ብሩ ያለ ምንም ስህተት ሄዷል። ውርርዱ በተደጋገመ ቁጥር ኪሳራው እየጨመረ ይሄዳል። ፖከርን በሚያውቅ ሰው ላይ ቢያንስ ችሎታ ሊጨመር ይችላል፤ እዚህ ግን ክፍያውን የሚተምነው ተቃራኒው ወገን ራሱ ነው።

አደጋው የሚከፋው ገንዘቡ ከስደት የመጣ ሲሆን ነው። በሳዑዲ በረሃ የተገኘ የወር ደመወዝ በቆቦ በአንድ ቅዳሜ ምሽት ሊያልቅ ይችላል። ላኪው ይህንን የሚያውቀው ብዙ ጊዜ ከዓመታት በኋላ፣ «ቤቱ የት አለ?» ብሎ ሲጠይቅ ነው።

ጥንቃቄው የራያ ገበሬ ከሚያውቀው የተለየ አይደለም። የሚላከው ገንዘብ ለምን እንደሚውል ላኪና ተቀባይ አስቀድመው ይነጋገሩ፤ የዕዳ፣ የቀለብና የቁጠባ ድርሻው ይለይ። ቁጠባው በላኪው ወይም ከአንድ ሰው በላይ በሚፈርምበት ሒሳብ ይቀመጥ። ከስደት ተመልሶ በመስኖ ሽንኩርት ወይም ቲማቲም ማልማት የሚፈልግም ቢሆን ያለውን ሁሉ በአንድ ወቅት ምርት ላይ አያውለው፤ ዋጋ በመኸር ሰዓት የሚወድቅበት ዓመት ብዙ ነው። በቤት ውስጥ ገንዘብ በተደጋጋሚ ሲጠፋ፣ ብድር ሲደበቅ፣ ዕቁብ ሲታጎል ደግሞ ከመቆጣት በፊት ጠይቆ መረዳት፣ አስፈላጊ ከሆነም ሽማግሌ ማስገባት ይሻላል። የተበላውን ለማስመለስ እንደገና ማስያዝ ኪሳራውን ያበዛል እንጂ አያቃናም።

ደገለቱ ከደረቀ ገበሬው በቀረችው ርጥበት ሽምብራ ይሞክራል። ይህን ማድረግ የሚችለው ግን ለሽምብራ የሚሆን ዘር ከጎተራው አስቀርቶ ከሆነ ነው።